ከቢላቴ ዳር ያላመጣሁት ሙሾ

ታናሽ ወንድሜ ሲቀበር እኔ ኦቶና ሆስፒታል፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ተኝቼ ነበር። ቁስሌ እስኪጠግግ ድረስ ሞቱን ማንም አልነገረኝም። ከአልጋ በተነሣሁ ሰሞን ባለቤቱ ከዲምቱ ተነሥታ እኔ ወዳለሁበት ሶዶ ድረስ መጣች፤ ደጃፌ ላይ ተቀመጠችና በወላይትኛ እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፣ አፈር ለብሷል፤ አልተሸኘም ግን። ታላቁ ቆሞ ሳይጠራው እንዴት ይሄዳል?»

በእኛ ቤተሰብ ወግ የሟች ታላቅ ወንድም በለቅሶው ሜዳ መካከል ቆሞ የሟቹን ሥራ በዜማ ይጠራል፤ ሰዉም እየተቀበለው ያለቅሳል። አባታችን ለአጎታችን ሲያደርገው በልጅነቴ አይቻለሁ። ለወንድሜ ይህን የማድረግ ተራ የእኔ ነበር፤ ሌላ ታላቅ የለውም። ዘመድ ሁሉ የለቅሶ መዝጊያውን እኔ እስክድን ብሎ አቆይቶታል።

«እመጣለሁ» አልኳት።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንግሥት ሥራ፣ በመሬት አስተዳደር ነው። አለቆቼ የሚሰጡኝን ሐሳብ አንድ ጊዜ ሰምቼ ያለ ስርዝ ድልዝ ደብዳቤ አድርጌ አቀርብ ነበር፤ ለእርማት የተመለሰልኝን አላስታውስም። ይህን የምለው ጽሕፈት እንግዳዬ እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው። ሆኖም ሶዶ ከቤቴ ተቀምጬ አንድ የሙሾ ስንኝ ብፈልግ አጣሁ። የባጃጁ ጩኸት ነው፣ የጎረቤት ሬዲዮ ነው፣ የጠያቂው ብዛት ነው እያልኩ አመካኘሁ። ወንድሜ በኖረበት ውሃ ዳር ብሰፍር ይመጣልኛል ብዬም አመንኩ። ለመስክ ሥራ እንይዘው የነበረውን፣ መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግደው በጨረታ የገዛሁትን ሸራ ድንኳን ከዕቃ ቤት አወጣሁ።

ጎረቤቴ ብቻዬን ሊለቀኝ አልፈቀደም። የስልጤ ሰው ነው፤ አባቱ ሶዶ ገበያ የከፈቱትን ሱቅ ለልጆቹ አስረክቦ እንደ እኔ ቤት የዋለ የረጅም ጊዜ ወዳጄ።

«ቁስልህ ገና ነው» አለኝ። «ደግሞስ አዞ ቢመጣብህ ማመልከቻ ጽፈህ ልትመልሰው ነው?»

ከወንድሜ የበቆሎ ማሳ ግርጌ፣ በቢላቴ ወንዝ ዳር፣ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ሰፈርን። ካስማውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ወዳጄ መዶሻውን ሊቀበለኝ ቢለምንም አልሰጠሁትም። ገመዱ ሁሉ እኩል ተወጠረ፤ ሸራው አንድም ቦታ አልረገበም። ላይ አገር ዘንቦ ስለነበር ውሃው ቀይ ሆኖ ይወርዳል።

ወንድሜ ይህ ወንዝ ሲሞላ የጎረቤት ልጆችን በትከሻው ያሻግር ነበር። በዱላው ጥልቀቱን እየለካ፣ ልጁን ፀጉሩን አስይዞ ይገባል። እኔንም፣ ታላቁን፣ በጀርባው አሻግሮኛል። አዲስ ተቀጣሪ ሆኜ ቤተሰብ ልጠይቅ የመጣሁ ቀን ነው፤ የቆዳ ጫማ አድርጌ ነበርና እንዳይረጥብብኝ ብሎ። ወንዙ መካከል ሲደርስ «ከዚህ ብጥልህ ደሞዝህን ማን ይበላዋል?» እያለ ይስቅ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ወረቀት ይዤ ከውሃው ፊት ስቀመጥ የመጣልኝ ግን የሚከተለው ነው፤ «ሟች የአካባቢውን ኅብረተሰብ ወንዝ በማሻገር ተግባር ላይ በቅንነትና በትጋት የላቀ አስተዋጽኦ ያበረከቱ ሲሆን…»

ወዳጄ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት።

«ወላሂ፣ ይህ ሙሾ ነው ወይስ የሥራ ልምድ ማስረጃ?» አለ። «ማኅተሙ ብቻ ቀረው።»

«እስቲ አንተ ሞክረው።»

«እኔ ወላይትኛ የለመድኩት ስኳርና ጨው እየሸጥኩ ነው። አንተን ግን እናትህ አባብላ ያስተኛችህ በሱ አይደል?»

ወረቀቱን ቀደድኩና በወላይትኛ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ መጣ፤ ሳስተውለው አባታችን ለአጎታችን ያለው ነው። ለሁለተኛው አፌ በአማርኛ ተከፈተ። ወላይትኛ አልረሳሁም፤ ሰላምታ እለዋወጥበታለሁ፣ እገበያይበታለሁ፣ ልጆች እመርቅበታለሁ። አስቤና መርጬ፣ አሳምሬ ልናገር ባልኩ ቁጥር ግን የምገባው በሌላ በር ነው፤ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ በገባሁበት በር። የቀድሞው መቼ እንደተዘጋ አላውቅም። ይህንንም የምጽፈው በዚያው በገባሁበት ቋንቋ ነው።

ሰላም ግን አገኘሁ፤ ይህን መካድ አይገባኝም። ከሆስፒታል አልጋ ጀምሮ የራቀኝ እንቅልፍ ወንዙ ዳር ተመለሰልኝ። ቁስሌ መቆጥቆጡን ተወ። የወንድሜ ባለቤት የምታመጣልንን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበላን፣ ውሃው የተነቀለ ግንድ ይዞ ሲያልፍ እናያለን። ግንዱ ከመታጠፊያው እስኪሰወር አየዋለሁ፤ ከዚያ ሌላ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ወንድሜን ሳስብ እንኳ ደረቴ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር አልነበረም።

«አሁንስ ደህና ነኝ» አልኩት ወዳጄን።

«የፈራሁት እሱን ነው» አለ፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «ደህና የሆነ ሰው ምን ብሎ ያስለቅሳል?»

የወንድሜ ባለቤት ሳህኑን ስታነሣ በየዕለቱ «ጋሼ፣ መጣልዎ?» ትለኛለች። «እየመጣ ነው» እላለሁ። በመጨረሻው ጠዋት አልጠየቀችኝም። ሳህኑን ወሰደች፤ እኔም የቀደድኩትን ወረቀት እንደ አዲስ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ጻፍኩት።

በለቅሶ መዝጊያው ዕለት ሰዉ ሜዳውን ከብቦ ቆመ። መካከል ገባሁና የአባቴን ስንኝ አወጣሁ። ተቀበሉኝ፤ የሴቶቹ ድምፅ ተነሣ፣ አንድ ሽማግሌም ደረቱን መታ። ሁለተኛውን ጠበቁ። ደጋግመው የመጀመሪያውን እያሉ ጠበቁኝ። ድምፁ ቀስ በቀስ ላልቶ ዝም ሲል ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩ፤ በአማርኛ፣ ነጥቡን ጠብቄ፣ ድምፄን ሳላዛንፍ። እጃቸውን አጣምረው በጨዋነት ሰሙኝ። ያለቀሰ የለም። ስጨርስ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ስብሰባ የለመደ ሕዝብ ነውና ሌሎቹም ተከተሉት። ወዳጄ ብቻ እጁን አላነሣም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር።

የወንድሜ ባለቤት ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች። ፊቷ ደረቅ ነው። በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ በአማርኛ።

እስከዚያ ቀን ድረስ በአማርኛ አነጋግራኝ አታውቅም።