የሄርዲስ ተከራይ

ከወተት ፋብሪካ በጡረታ የወጣችው ሄርዲስ አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ውሸት ቀልባ አሳድጋለች፦ አብራት የምትኖረው አስታ ተከራይዋ ናት። አስታ ኪራይ ከፍላ አታውቅም። በቤቱ ያለውም አልጋ አንድ ነው። ይህን ድመቷ እንኳ ታውቃለች።

ሴት ስለወደዱ አሮጊቶች ዘጋቢ ፊልም የምትሠራው ወጣቷ ሲግነ ከዴንማርክ ዋና ከተማ ከኮፐንሃገን ዩትላንድ ገጠር ወዳለው መንደራቸው መጣች። ሄርዲስን መስኮት ዳር አስቀመጠቻት።

"ያንን የመደበቅ ዘመን እያሰቡ ወደ ውጭ ይዩ። ትንሽ ይከፉ።"

"ምን ያስከፋኛል? የቶርኪል ላም አጥር ጥሳ ጎመኔን እየበላች ነው። ይሄ የሚያናድድ ነው።"

አስታ ከጓዳ ሆና፣ "ዛሬም ተከራይ ካልሽኝ የእውነት ተከራይ እሆናለሁ፤ የእህቴ ልጅ ቤት" አለች። አልቀለደችም፤ ሻንጣዋን በሩ ሥር አቁማዋለች። በዚህ አገር ባልና ሚስት በተጋቡ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ጎረቤት ማልዶ ደጃፋቸውን በጥድ ጉንጉን ያስጌጣል። አስታ ለመንደሩ ሁሉ ስትጎነጉን ኖራ የእሷን ደጅ ያሰበ አልነበረም። ሄርዲስ ፈራች። መንደሩን ትፈራለች፤ አስታን ማጣት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ጎረቤታቸው ቶርኪል ላሙን ሊወስድ ሲገባ ሲግነ ካሜራውን አዞረችበት።

"የሁለቱን ፍቅር ያውቁ ነበር?"

"ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር አይደል እንዴ! ጥዱንም ቆርጠን ነበር። ግን ከየትኛው ቀን እንቁጠር? መጠየቁ ነውር ሆነብን። ጥዱም ደርቆ ምድጃ ገባ።"

ሄርዲስ ፊቷ ቀላ። "ታዲያ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ስዘጋ የኖርኩት ከማን ልደበቅ ነው?"

"ከኛ ነዋ። እኛም እንዳናይ ዞር እያልን ስናልፍ አንገታችን ተጣመመ።"

አስታ ሳቀች፤ ሄርዲስ ግን አልሳቀችም። በከንቱ ያለፈው ዘመን አንገበገባት። ወደ ካሜራው ዞረች።

"አስታ ተከራዬ አይደለችም። ሚስቴ ናት።"

ሲግነ ካሜራዋን ነካካችና ፊቷ አመድ መሰለ።

"ይቅርታ... ባትሪው አልቆ ነበር። ይድገሙልኝ?"

"አርባ ዓመት ያማጥኩትን? አልደግምም።"

አስታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ለሷ ይቅርባት። ለኔ ድገሚልኝ።"

ሲግነ ባትሪ ቀይራ እስክትመለስ ድረስ ሄርዲስ ደጋግማ "ሚስቴ ነሽ" ብላት ነበር።