ስልሳ ላይ ነበርኩ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ማሾ የሚሰበሰብበት ሰሞን ነበር። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ምያለሁ፤ ሾፌር መሐላ አያጣም። አንዱ መሐላዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ለሰው አውርቼው ስለማላውቅ እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ።

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ሥራዬ የጭነት መኪና መንዳት ነው። መኪናዋ የራሴ ናት፤ አሮጌ ብትሆንም አሳፍራኝ አታውቅም። ትዳሬ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ልጅ የለኝም። ቤት ስገባ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሲሰለቸኝ እሱንም እሰድበዋለሁ።

ሰው አለኝ የምለው ጋሼ እንድሪስን ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ጀውሃ ብቻቸውን የሚኖሩ ሾፌር ናቸው። መኪናቸው ከኔዋ ጋር አንድ ዓይነት፣ የአንድ ዘመን ሥሪት ናት። አስር ዓመት ሙሉ ተከታትለን ነድተናል። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭነን አዲስ አበባ እንወጣለን፤ ከዚያ ሸቀጥ ይዘን ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን።

ሥርዓት ነበረን። እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። “ልጅ ከፊቴ ይሂድ፣ ዓይኔ እንዲያየው” ይላሉ። የአርባ ሦስት ዓመት ሰውዬ ነኝ እኮ!

ሜዳ ላይ ስንሆን ፍጥነታችን ስልሳ ነው። አይጨመርም፣ አይቀነስም። ሁለታችንም ስልሳ ላይ ከሆንን መኪናቸው ከስፖኪዮዬ አትጠፋም። አንዴ መብራት ብልጭ ካደረጉ ለሶላት ወይም ለሻይ እንቁም ማለታቸው ነው። ደጋግመው ካበሩና ካጠፉ ደግሞ ችግር ገጥሟቸዋል፣ መቆም አለብኝ። ረዳት አንይዝም ነበር። “እኔ ያንተ ረዳት፣ አንተ የኔ ረዳት። ደመወዝ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ” ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ናፍጣ እንደ ልብ አይገኝም። ማደያ ተሰልፈን እንውላለን። ታዲያ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ዘይት ልቀይር ጋራዥ ብገባ፣ መካኒኩ መኪናዬን ዞር ዞር ብሎ አየና “ይቺ እኮ ለዳገት የተሠራች ናት። ሜዳ ላይ ሞተሩን በከንቱ ታስጮኸዋለህ” አለኝ።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። የኋላ ጎማዎቹን በያዘው አክሰል መሃል ዲፍረንሻል አለ። እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት ትልቁን ባለ ጥርስ ታዞራለች፣ ትልቁ ደግሞ ጎማውን። የኔ ትንሿ ስድስት ጥርስ፣ ትልቁ አርባ አንድ ጥርስ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው ማርሽ ላይ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ሰባት ጊዜ ያህል ይለፋል። ትንሿ ባለ ሰባት ጥርስ ብትሆን ግን ስድስት ጊዜ ያህል ይበቃዋል። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ መኪናው ያንኑ ያህል ይሄዳል፣ ናፍጣም ይቆጥባል።

“ሜዳ ላይ ትበርልሃለች” አለኝ፤ “ዳገት ላይ ግን ትለምናታለህ።”

እኔ የሰማሁት “ትበርልሃለች” የሚለውን ብቻ ነው። የሰው ጆሮ እንዲህ ነው መቼም። አስቀየርኩ።

ለጋሼ እንድሪስ ስነግራቸው ሳቁብኝ። “ጥርስ ካስቀየርክ አይቀር ያንን የበለዘውን የራስህን አታስቀይርም ነበር?” አሉኝ። እርስዎም ያስቀይሩ ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። “እኔ ምን ያስቸኩለኛል? ጀውሃ ማን ይጠብቀኛል? የኔዋ እንዳለች ትቆይ። አንተ ብቻ ስልሳችንን እንዳትነካብኝ።”

“ኧረ ጋሼ! ስልሳማ ስልሳ ነው” አልኳቸው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ኮምቦልቻ ደርሼ ስመለስ ግማሽ ጀሪካን የሚሆን ናፍጣ ይተርፈኛል። ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ጋቢናው ውስጥ ራሴን ስዘፍን መስማት ጀመርኩ። ዳገት ላይ ግን መካኒኩ ያለው አልቀረም። ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደብረ ሲና ስወጣ፣ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የማልፈውን ዳገት በሁለተኛ፣ አርማንያን ካለፍኩ በኋላ ደግሞ በአንደኛ መጎተት ሆነ። የሞተሩ ሙቀት ይወጣል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ ሜዳ ላይ ያተረፍኩትን ናፍጣ ዳገቱ ይጠጣዋል። ጋሼ እንድሪስ ክላክሳቸውን እያንባረቁ ያልፉኛል። ደብረ ሲና ስደርስ ሻያቸውን ጨርሰው፣ የኔን አዘው፣ “ሙሽራው መጣ! እልል በሉ!” እያሉ ሰው ያስቁብኛል።

ዳገቱ ሳቅ ነበር። የተጣላነው ሜዳው ላይ ነው።

እኔ ስልሳ ላይ እያለሁ መኪናቸው ከስፖኪዮዬ መጥፋት ጀመረች። ጀውሃን ስናልፍ አብረን ነን፤ ትንሽ ቆይቼ ባይ የሉም። አጣዬ ደርሼ ሻይ አዝዤ፣ ሻዩ ሊበርድ ሲል ብቅ ይላሉ። አንድ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው “ጋሼ፣ አርጅተዋል። እግርዎ ነዳጁን መርገጥ አቃተው” ብዬ ቀለድኩባቸው።

አልሳቁም። “እኔ ስልሳ ላይ ነኝ” አሉ።

“እኔም እኮ ስልሳ ላይ ነኝ።”

“አንተ ስልሳ ላይ ከሆንክ የት ትጠፋብኛለህ?”

“እርስዎስ ስልሳ ላይ ከሆኑ ለምን ወደ ኋላ ይቀራሉ?”

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። በአስር ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። እኔም ጋቢና ገብቼ ብቻዬን ተነጫነጭኩ። እርጅናቸውን ላለማመን በኔ ያሳብባሉ ብዬ ነው የተናደድኩት። በኋላ እንደገባኝ እሳቸው ደግሞ አዲሱ ጥርስ አፍጥኖኝ፣ አሮጌ ሰው መጠበቅ ሰልችቶኝ፣ ሐፍረቴን በውሸት የምሸፍን መስሏቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ላይ ብንገናኝም ወሬያችን ስለ ጭነትና ስለ ጎማ ብቻ ሆነ።  ቤቴ ገብቼ ሬዲዮ ስከፍት፣ ሳልነግራቸው የመጣሁት ወሬ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይቀራል።

ያን ቀን ጠዋት ሸቀጥ ጭነን ከሸዋ ሮቢት ተነሳን። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። ጋሼ እንድሪስ ጋቢናቸው ሲወጡ ደረታቸውን ሲያሹ አይቻቸው “ምነው ጋሼ?” አልኳቸው። “ቃር ነው። ንዳ” አሉኝ። ነዳሁ። ጀውሃን አለፍን። እንደ ልማዳቸው ጠፉ።

አጣዬ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ በረደ። ሌላ አዘዝኩ፣ እሱም በረደ። ደወልኩ፤ አያነሱም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አኩርፈው ነው አልኩ። ያኮረፈ ሽማግሌ ስጠብቅ ልውል ነው እንዴ ብዬ ተነስቼ ነዳሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ትቻቸው ሄድኩ።

ካራቆሬ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። የሳቸው ቁጥር ነው። “እህ፣ ቁጣው በረደልዎት?” ብዬ አነሳሁ።

የማላውቀው ድምፅ ነው። “ወንድሜ፣ የኚህ አባት ዘመድ ነህ? ከጀውሃ ትንሽ አለፍ ብሎ መኪና ውስጥ አሟቸው አግኝተናቸው ነው። ሚኒባስ አስቁመን ወደ ሸዋ ሮቢት ሐኪም ቤት ልከናቸዋል።”

 ጭነቴን እንደያዝኩ መንገዱ ላይ እንዴት እንደዞርኩ አላውቅም።

መኪናቸውን አገኘኋት። ዳር ይዛለች፤ ከጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ተደርጓል። አንድ ገበሬ ጥላዋ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። እሱ ነው የደወለልኝ። ሚስቱ የጋሼን ራስ ደግፋ አብራቸው በሚኒባሱ ሄዳለች። እሱ ደግሞ የሰው ንብረት ይጠፋል ብሎ ማሳውን ትቶ ቀርቷል። ስማቸውን እንኳ አያውቅም። እጁን ስስመው ደነገጠ።

“እንዴት አገኘሃቸው ካልክ፣ መብራታቸው ነው” አለኝ። “በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራሉ፣ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። ከፊታቸው አንድም መኪና የለ። እኔን የሚጠሩ መስሎኝ ነው የመጣሁ።”

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ገበሬው ምን እንደነካኝ አልገባውም፤ ብቻ ውኃ አቀበለኝ።

ሐኪም ቤት ስደርስ ነቅተው ነበር። ልባቸው ነው አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ።

“መብራት አበራሁልህ እኮ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ልማድ ሆኖብኝ። አለመኖርህን ረስቼው።”

“ጋሼ፣ ጥዬዎት ልሂድ ብዬ አይደለም። ወላሂ፣ ወቢላሂ፣ ስልሳ ላይ ነበርኩ!”

 “እሺ፣ ልጄ” አሉ። እጄን መታ መታ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አላመኑኝም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ!

ልጃቸው ደሴ ነው የምትኖረው። መጥታ ወሰደቻቸው። ሲሻላቸው እንደ ድሮው እንነዳለን ብዬ የድሮውን ጥርስ ላስመልስ ወደዚያው ጋራዥ ሄድኩ። ናፍጣው ገደል ይግባ፣ ከሳቸው እኩል እስከሄድኩ ድረስ አልኩ።

መካኒኩ አክሰሉን እየፈታ “ለመሆኑ የፍጥነት ቆጣሪውን አስተካክለኸው ነበር?” አለኝ።

“ቆጣሪው ምን ሆነ?”

“ቆጣሪው የሚያነበው ከፊት፣ ከካምቢዮው ነው፤ ከማርሹ ሳጥን። ከኋላ ጥርስ መቀየርህን በምን ያውቃል? ስልሳ ሲልህ መኪናው ሰባ ላይ ነው።”

 ለካ እሳቸውም እውነታቸውን ነው፤ እኔም የዋሸሁ አልመሰለኝም። ስልሳ እያልኩ በሰባ ስሸሻቸው ኖሬያለሁ። አላህን ጠርቼ የማልኩት ቆጣሪ አምኜ ነው።

ያኔውኑ ታክሲ ይዤ ደሴ መውጣት ነበረብኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ ምን አላት? እኔ ግን ጅሉ፣ ይሄ በስልክ የሚነገር፣ በእግር የሚኬድበት ነገር አይደለም አልኩ። መኪናዬ ተሠርታ ትለቅ፣ እሷኑ ይዤ እሄዳለሁ፣ ደጃፋቸው ላይ ክላክስ አድርጌ አስወጣቸዋለሁ፣ ቆጣሪውን እያሳየሁ አስቃቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መካኒኩ የመጨረሻውን ቡሎን ሲያጠብቅ ልጃቸው ደወለች። ድምፅዋን እንደሰማሁ አወቅኩት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ። አፈር አለበስኳቸው። ለቅሶው ቀዝቀዝ ሲል ልጃቸው ለብቻዬ ጠራችኝ።

“አባቴ አንተን ሲያነሳ ነው የሰነበተው” አለችኝ። “‘ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው። አፍሮ ነው የማለው። አፉ ብየዋለሁ፣ ይቅር ብየዋለሁ በይው’ ብሎኛል። አደራህን አትጨነቅ።”

እሷ እኔን ማጽናናቷ ነው፤ አባቷን የቀበረች ልጅ። ስለ ጥርሱና ስለ ቆጣሪው ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት። ለሷ ምን ያደርግላታል?

አሁን ብቻዬን ነው የምነዳው። ሌሎች ሾፌሮች አብረን እንሂድ ይሉኛል፤ እሺ እልና ሳልነግራቸው ቀድሜ እነሳለሁ። ቆጣሪዬ ስልሳ ሲል መኪናዬም ስልሳ ናት። ናፍጣ ትበላለች፣ ሞተሯ ሜዳ ላይ ይጮሃል፤ ትጩህ።

ብዙ ሰው አፉ የሚለው አጥቶ ይሞታል፤ እኔ ተብያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ጋሼ እንድሪስ አፉ ያሉኝ ላልዋሸኋቸው ውሸት ነው። ይቅርታቸው ቀርቶብኝ፣ ተቆጥተውኝም ቢሆን፣ ብቻ አምነውኝ ቢሄዱ እመርጥ ነበር።