አስታማሚህ የታለ?

እግሬ ላይ የወጣውን ጥቁር ቁስል ዶክተሩ ካንሰር ነው ሲለኝ ብዙም አልደነገጥኩም። ከኤችአይቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ መጥፎ ወሬ መስማት ለምጃለሁ። የደነገጥኩት የኬሞ ክፍሏ ነርስ «አስታማሚህ የታለ?» ስትለኝ ነው። ያለ አስታማሚ አልጋ አይሰጥም። ውጭ ካለው ፋርማሲ የጎደለውን መድኃኒት ገዝቶ የሚሮጥ፣ ሲያስመልሰኝ የሚይዘኝ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ሀዋሳ ውስጥ ሰው አልነበረኝም።

ሰው የለኝም ስል፣ የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ባልደረቦቼ ጠፍተው አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዓሣ እንበላለን። በዚያ ሙቀት ረጅም ካልሲ ለምን እንደማደርግ ሲጠይቁኝ፣ ደሴ ያደገ ሰው ብርድ አይለቀውም እያልኩ አስቃቸዋለሁ። እንደዚያ ሳስቃቸው የኖርኩ ሰዎች ፊት ካልሲዬን ማውለቅ አልቻልኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ ግን ደብቄም መድኃኒቴን እየዋጥኩ ዓመታት ኖሬያለሁ። እናቴ እንኳ አታውቅም። እሁድ እሁድ ከደሴ ስትደውል ደህና ነኝ እላታለሁ።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸው ውስጥ የደበቁትን ብልቃጥ አውጥተው ኪኒን ሲውጡ አየሁ። ብልቃጡ ሲነቀነቅ አይንኳኳም። ላዩ ላይ የነበረው ወረቀት ተልጧል፣ ውስጡ ጥጥ ተጠቅጥቋል። የእኔም እንደዚያው ነው። ታክሲ ውስጥ ቦርሳው እንዳይንኳኳበት ብልቃጥ ውስጥ ጥጥ የሚጠቀጥቅ ማን እንደሆነ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ማየቴን እሳቸውም አዩ። ገበያ ቅቤ የሚሸጡ የሲዳማ እናት ናቸው፤ የማህፀን በር ካንሰር ይዟቸው እሳቸውም ብቻቸውን መጥተዋል። ልጃቸው ዐረብ አገር ናት፤ ጨጓራ ነው ብለዋታል።

«አንተ ለኔ ልጅ ሁን፤ እኔም ላንተ እናት» አሉኝ።

የሕክምና ቀናችን ስለሚለያይ ተመቸን። በእኔ ቀን እሳቸው ይመጣሉ፣ በእሳቸው ቀን እኔ። ነርሷ መልካችን እንደማይመሳሰል ማየት አያቅታትም፤ ግን አልጋውን ሰጠችን። ከኬሞ በኋላ የቅቤ ሽታ ያጥወለውለኛል። ይህ ስለገባቸው ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር ወስደው ከሩቅ ይጠብቁኝ ነበር። ሲያስመልሰኝ ግን ሮጠው መጥተው ግንባሬን ይይዛሉ፤ ያኔ ሽታውን ሁለታችንም እንረሳዋለን። ቁስሌ እየደረቀ መጣ። ዶክተሩ ሕክምናውን ካቋረጥኩ ቁስሉ እንደሚመለስ አስጠነቀቀኝ።

አንድ ቀን በእሳቸው ተራ ሄጄ ብጠብቅ አልመጡም። ስልካቸው ዝግ ነው። በማግስቱ ገበያ ወርጄ ቅቤ ተራ ፈለግኳቸው። ቦታቸው ላይ የተቀመጠችው ሴት ማረፋቸውን፣ ገጠር ወስደው እንደቀበሯቸው ነገረችኝ። ከዚያ ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አፌ ላይ የመጣው ልጃቸው ነኝ የሚል ነበር። ምን አሟቸው ነው ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።

«ደንበኛቸው ነኝ» አልኩ።

ደንበኛ ባዶ እጁን አይመለስምና ቅቤ ገዝቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። እናት የሞተችበት ሰው ደጅ ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል። እኔ እንዲያጽናናኝ የምጠራው አንድም ሰው አልነበረኝም። በዚህ ከተማ የእኔን ጉድ የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩኝ፤ እሳቸው ሞቱብኝ። ቅቤው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ቤቱ ሁሉ እሳቸውን ሸተተ። አጥወለወለኝ፤ ላወጣው ግን አልጨከንኩም።

ተራዬ ሲደርስ ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ ከኋላዬ እያየች እናትህስ አለችኝ። ደክሟቸው ነው አልኳት። ሰው ይዤ እንድመጣ፣ እስከ ሳምንት ብቻ እንደምትጠብቀኝ ነገረችኝ።

እሁድ እናቴ ደወለች። እንደ ወትሮዋ ደህና ነህ ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩና አቃተኝ።

«እማ፣ ታምሜ ሆስፒታል እየተመላለስኩ ነው» አልኳት። «አስታማሚ የለኝም።»

ምን በሽታ ነው፣ ለምን ደበቅከኝ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ስልኩን ሳትዘጋ ጎረቤቷን ስትጣራ፣ ዶሮዎቹን እንድታይላት አደራ ስትላት ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«የሀዋሳ መኪና ከየት ነው የሚነሳው?» አለችኝ።