የጁምዓ ድርጭት

ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር በምሠራበት ቤት የማርፈው ጁምዓ ብቻ ነው። በዚያ ቀን መካ እህቴ ዘንድ የምታድገውን ልጄን አያለሁ። በድርጭት ወራት ግን የአሠሪዬ የማዳም ሁለት ልጆች ጁምዓ ማልደው ማደን ጀመሩ። ያመጡትን ወፍ ስነጭ እየዋልኩ ሁለት ጁምዓ ቀረሁባት። ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ አልተናገርኩም።

ሐሙስ ምሳ ላይ የልጆቹ አያት፣ ሁላችን ሐጃ የምንላቸው፣ “የነገው አደን ይቅር” አሉ።

“ምነው ሐጃ፣ ሐራም ነው እንዴ?” አለ ታላቁ።

“አላልኩም። በሌላ ቀን አድኑ።”

“በሌላ ቀንማ ሱቅ አለ። የምናርፈው ጁምዓ ነው።”

“እሷስ መቼ ልታርፍ?” ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ታናሹ ሳቀ። “ታዲያ ወፎቹ ራሳቸውን ይንጩ?”

“ቃታ የሚስብ ጣት ላባ መንጨት አያቅተውም።”

ማዳምም፣ “ኸላስ፣ በቃ፤ ሐጃ እንዳሉት ወፉን ራሳችሁ ንጩ” አለች።

በማግስቱ ከመውጣቴ በፊት፣ ልጆቹ እንዳይከፋቸው ብዬ ለወፎቹ መንጫ ውሃ ጣድኩ። ሐጃ መጥተው ምድጃውን አጠፉት።

“ይህንንም ይልመዱት። ያላ፣ ሂጂ፣ ልጅሽ አትጠብቅ።”

አመሻሽ ላይ ስመለስ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቆዳቸው የተቦጫጨቀ ድርጭቶች ተደርድረዋል። አደኑ እስካሁን አልቀረም፤ ግን በደርዘን ያመጡ የነበሩት ልጆች አሁን ከሦስት ከአራት አያልፉም። ሐጃ ይህን ሁሉ ያደረጉት ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ቀርቼ አላውቅም።