የእህቴ ግንባር በታብሌቱ ላይ

ታብሌቱን እህቴ ለእናታችን ብላ ከጅዳ በሰው ላከችው። የራሷ ፎቶም በሜሞሪ ካርድ አብሮ መጥቷል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የምትፈልገው ስትከፍተው የልጇ ፊት እንዲመጣላት ብቻ ነበር። ልጇ ለግርድና ባሕር ከተሻገረች ዓመታት አልፈዋል።

እኔ አላውቅበትምና ገዳሪፍ ገበያ ስልክ ወደሚያስተካክል ሱዳናዊ ወሰድኩት። ሰውየው ከንፈሩ ሥር ትምባሆ ወትፏል። የታብሌቱን አዲስ መስታወት በምራቁ አርሶ በጀለቢያው ጫፍ ጠረገው። ፊቴን አዞርኩ።

«ማፊ ሙሽኪላ! ችግር የለም፣ አሳምሬ እሰጥሃለሁ» አለኝ።

አሳመረው! በማግስቱ ስከፍተው ውኃ የሚያንጠባጥቡ ጽጌረዳዎች፣ ዓይኗን የምትጠቅስ ድመት፣ ገላ የሚያነጣ ቅባት ማስታወቂያ ተግተልትለው መጡ። በዚያ ሁሉ ኮተት መካከል እህቴ አለች። ፊቷን ዱቄት የተነፋበት አስመስሎ አንጥቶታል፤ ከንፈሯን ደም አልብሶታል። አንገሸገሸኝ። ቤት ወስጄ ጠራርጌ ልሰጣት አሰብኩ፤ እናቴ ግን ገና ከበር ነጠቀችኝ።

ንጣቱ አላስጨነቃትም። ግንባሩን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«መስቀሏስ?» አለች።

እህቴ ሕፃን ሳለች፣ ከጎንደር ወደ ሱዳን ስንሰደድ፣ መንገድ ላይ ብንጠፋፋ የማን ወገን እንደሆነች ይታወቅ ብላ ግንባሯ ላይ መስቀል ያስነቀሰቻት እናቴ ናት።

«አንተ፣ ልጄ ማተቧን በጠሰች? አስልመዋት ነው?»

«ኧረ እማ፣ ያ ቆሻሻ ሰውዬ ነው! እድፍ መስሎት አጥፍቶት ነው» ብዬ እየተሳደብኩ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

ሰውየው ማለ፤ «ወላሂ ግንባሯን አልነካሁም!» ካርዱን ከፍቶ እህቴ የላከችውን፣ ያልተነካካውን ፎቶ አሳየኝ። ጠቁራለች፣ ጉንጯ ገብቷል። መስቀሉ በነበረበት ቦታ የተላጠ፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ አለ። በእሳት ይሁን በመድኃኒት እንጃ። ትናንት በሰውየው ምራቅ የተጸየፍኩት ነገር ምንም አልነበረም። ሰው ቤት እንጀራ ለመብላት መስቀሏን ከነቆዳው እስከ መላጥ! ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቀው ወጣሁ።

ቤታችን ጀርባ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጽጌረዳውን፣ ድመቷን፣ ቅባቱን አንድ በአንድ ጣልኩ። እውነተኛውን ፎቶ ፊት ለፊት አኖርኩት። እንዲሁ ልሰጣት ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ታብሌቱ ውስጥ በጣት የሚሳልበት ነገር ነበር። ሰማያዊ ቀለም መረጥኩ። የመጀመሪያው መስቀል ተንጋደደ፤ አጠፋሁት። ሁለተኛው ጠባሳው ላይ ልክ ተቀመጠ። ያን ሰውዬ ፊቷን ነካካ ብዬ ስሰድበው ቆይቼ ይኸው እኔም ግንባሯ ላይ እለቀልቃለሁ። ጣቴ አስጠላኝ።

«ይኸው እማ፣ አስመለስኩት» አልኳት።

እናቴ ታብሌቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። ስታየው ቆየችና ግንባሩን ሳመችው።

«ጠቁራለች፤ ከስታለችም። ግን እሷው ናት፣ የኔው ልጅ» አለች፤ ከዚያ ወደኔ ቀና ብላ፣ «ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካካብኝ!»