ከእናቴ ጓሮ የወጣ አፈር

እናቴ ጎሬ ላይ የነበራትን ጓሮ የወሰደባት የገዛ ወንድሟ ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ፣ እጁን አንስቶ፣ «ቦታው የእኔ ነው፤ እህቴን አስጠጋኋት እንጂ አልሰጠኋትም» ብሎ ማለ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። መቱ እኔ ዘንድ ገብታ በሁለተኛው ክረምት ዐረፈች። ቀብሯ ላይ ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ ያለቀሰው እሱ ነበር።

ያኔ የምተዳደረው የሱቅ ማስታወቂያ በመጻፍ ነበር። ለሆቴል ግድግዳም በዘይት ቀለም አንበሳና ጽጌረዳ እሥል ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ።

አጎቴ ጓሮው ላይ ፎቅ ሊሠራ መሠረት እያስቆፈረ መሆኑን ስሰማ ጎሬ ሄድኩ። አፈሩ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ የላዩ ጥቁር፣ የሥሩ ቀይ፣ ከጥልቁ የወጣው ደግሞ ብጫ። ቆፋሪዎቹን አስፈቅጄ ሦስት ማዳበሪያ ሞላሁ። የሚኒባሱ ሾፌር እየሳቀ፣ መቱ ቢዬ፣ አፈር ማለቱ ነው፣ ጠፍቶ ነው ወይ አለኝ። የእናቴ አፈር ነው አልኩት። ማዳበሪያዎቹን ራሱ አንስቶ ጫነልኝ።

ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ለእሱ እንዳይቀር ብቻ ነው የፈለግሁት። አድርቄ ወቀጥኩት፣ በሻሽ ነፋሁት፣ በኮላ ለወስኩት። የመጀመሪያዎቹ ሸራዎች ሲደርቁ ተሰነጣጥቀው ረገፉ። ኮላ ስጨምርበት ደግሞ አብረቅርቆ ፕላስቲክ መሰለ። ሸራውን ትቼ ጣውላ ያዝኩ፤ እንደ ቤት ምርጊት ጭድ ቀላቅዬ በስሱ ደራረብኩት። ያኔ ያዘልኝ።

በየጣውላው የሣልኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እጁን አንስቶ ሲምል። ስንጥቁን መከላከል ከቻልኩ በኋላም ፊቱ ላይ ሆን ብዬ እንዲሰነጠቅ ተውኩት።

በመቱ ከተማ አዳራሽ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ሲዘጋጅ አሥራ አንድ ሥዕል አቀረብኩ። አጎቴን ራሴ ደውዬ ጋበዝኩት። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የጎሬ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ሥዕሎቹ ሥር የማንም ስም የለም፤ «ከእናቴ ጓሮ የወጣ አፈር» ይላል፣ በቃ። ጓደኞቹ ሥዕሉን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ አንድ ባንድ ወደ በሩ ሄዱ።

«አውርጂው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው እንዴ የሚመስለው?» አልኩት።

 አዎ ቢል በሐሰት መማሉን ማመኑ ነው። ላቡን እየጠረገ ሲወጣ ከኋላው አየሁት፤ ደስ አለኝ። ይህን ለመናገር አላፍርም።

ከወር በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ላከብኝ። ሥዕሉ በየስልኩ ጎሬን አዳርሷል፣ ልጆቹ አፍረዋል፣ እሱም ታሟል አሉኝ። ካወረድኩት ይቅርታ እንደሚጠይቀኝ ነገሩኝ። መዋሸቱን ጓሮውን ምሎ በወሰደበት ፍርድ ቤት ቆሞ ይናገር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ሻይ ጋብዤ በክብር ሸኘኋቸው።

አሁን ከሌላም ቦታ አፈር አመጣለሁ፤ ከበደሌ መንገድ ብጫውን፣ ከሶር ወንዝ ዳር ነጩን ሸክላ። ሰው መሣል ትቻለሁ፤ መሬቱን ራሱን ነው በንብርብር የማቆመው። ሥራዬን ያስተማረኝ ቂም ነው፣ አልክድም። አሥራ አንዱን ግን ማንም እንዲገዛቸው አልፈቀድኩም። ዘንድሮ ጎሬ ላይ እነሱን የማሳይበት አዳራሽ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።