እስከ መግሪብ የታቀፍኩት ሻይ

ያን ቀን ጠዋት የሠራሁት ጅልነት እስከ ዛሬ እኔን ያስቀኛል፤ ሚስቴን ግን አያስቃትም። ታጣቂዎች ደጃችን ሲቆሙ ዝንጅብል እየወቀጥኩ ነበር። «ለጥቂት ጥያቄ ይፈለጋሉ» አሉኝ። ማንቆርቆሪያው ተጥዷል፤ ቅርንፉዱና ቀረፋው ገብቷል። ወደ ሚስቴ ዞሬ፣ «አታውርጂው፤ ሳይፈላ እመለሳለሁ» አልኳት። ጋቢዬን ከተሰቀለበት ሳላነሣ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በንፋስ መውጫ ብርድ! ከታጣቂዎቹ አንዱ እንኳ ጋቢውን አየት አድርጎት ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ የሽንትና የጤፍ አቧራ ሽታ አለው። ጥግ ላይ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው ያስላል። የአርብ ገበያ ቅመም ነጋዴ ነው፤ ሙስሊም።

«አባባ፣ ጋቢዎስ?»

«ቤት ነው። አሁን እመለሳለሁ ብዬ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «እኔም አሁን እመለሳለሁ ብዬ ነው። ሱቄን እንኳ አልቆለፍኩም።» የብርድ ልብሱን ግማሽ ለቀቀልኝ።

ቀትር ላይ ሚስቴ ያንኑ ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጣች። ጠባቂው እንደ ደንቡ መጀመሪያ እሷን አስቀመሳት። ቀጥሎ ራሱ ቀመሰ። ጣመው መሰለኝ፣ ደጋግሞ ቀመሰ። የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ ገልብጦ ሰጠኝ፤ ፕላስቲኩ በሙቀቱ እንደ እኔ ፊት ተጨማደደ።

«ጠጣ እንጂ፣ ለደረትህ ነው» አልኩት ነጋዴውን።

«ጾም ነኝ፣ አባባ።»

«ለታመመ ይፈቀድ የለም እንዴ? እኔ ዐቢይ ጾምን እንዳልጾም የንስሐ አባቴ ለዕድሜዬ ፈቅደውልኛል እላለሁ። እሳቸው ግን አልሰሙም።»

«እዚህ ሰው ነው ያስገባኝ፤ ጾሙን ግን የያዝኩት ራሴ ነኝ። መግሪብ ሲደርስ እጠጣለሁ።»

እስኪመሽ እንዳይቀዘቅዝ ፕላስቲኩን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ እንደ ዶሮ ታቀፍኩት።

«ምን ይፈለፈል ይሆን?» እያለ ዋለብኝ። ሽታውን ሳብ አድርጎ፣ «ቅርንፉዱ በዝቷል» አለ።

«ቅመም በዛ ብሎ የሚያማርር ቅመም ነጋዴ ገና ዛሬ አየሁ!»

የመስኮቱ ብርሃን ሊጠፋ ሲል በሩ ተከፈተ። ነጋዴውን በስሙ ጠሩት።

«ፀሐይ ትጥለቅና ያፍጥር» አልኩ።

«ሻይ ቤት መሰለህ እንዴ፣ ሽማግሌው?» አለ ጠባቂው።

ነጋዴው ተነሣ። ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ ጣል አደረገልኝ። «ያቆዩልኝ» አለና ወጣ።

አልተመለሰም። ሲነጋ ጠባቂው ፕላስቲኩን አይቶ እጁን ዘረጋ። ሻዩ በረዶ ሆኗል፤ እኔም እንደዚያው። «ባለቤት አለው» አልኩት።

ስፈታ አርብ ገበያ ወርጄ የነጋዴውን ሚስት አገኘኋት። በቦታው እሷ ቅመም ትሸጣለች። የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ የነገራት የለም። ብርድ ልብሱን አስረክቤ የሆነውን ሁሉ አጫወትኳት።

«ሻዩን ቀምሶ ነው የወጣው?» አለችኝ።

ውሸት ለምላሴ ብርቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን እምቢ አለኝ። «አልቀመሰም። ሽታውን ብቻ።»

ዝንጅብሏን ስትደረድር ቆየች። «ቅርንፉዱ በዝቷል ሳይል አይቀርም» አለች።

ዘንድሮም ሲበርድ ሻይ አፈላለሁ፤ ብልጥ ሆኜ፣ ጋቢዬን ለብሼ። ቅርንፉዱን ቀንሻለሁ። ለዚያ ሰው አንድ ብርጭቆ አለብኝ፤ ያውም ትኩሱን።